ለሰርግ አዳራሽ የትኛው ይሻላል፦ ተራ ማጫወቻ ወይስ የዲጄ ሶፍትዌር?

በደሴና በኮምቦልቻ በሰርግ፣ በመልስና በምርቃት ዝግጅቶች ላይ ሙዚቃ የሚያጫውቱ ብዙ ወጣቶች ሥራውን የሚጀምሩት አንድ ላፕቶፕ፣ ከጓደኛ በፍላሽ የተቀዳ የዘፈን ክምችትና ኮምፒውተሩ ላይ ቀድሞውኑ የተጫነ የሙዚቃ ማጫወቻ ይዘው ነው። ሥራው እየበዛ ሲሄድ በያዙት ማጫወቻ መቀጠል ወይም ወደ ዲጄ ሶፍትዌር መሻገር የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለማነጻጸር የመረጥኳቸው ቪኤልሲ የተባለው የታወቀ ማጫወቻና ሚክስ የተባለው (ስሙ በላቲን ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ሦስት ኤክስ ያለው) የዲጄ ሶፍትዌር ናቸው። ሁለቱም በነጻ ስለሚገኙ የሚመዘኑት በዋጋቸው ሳይሆን አዳራሽ ውስጥ በሚሰጡት አገልግሎት ነው። በእኔ እምነት ለሰርግ ሚክስ ያለ ጥርጥር ይበልጣል፤ የሚበልጥበት ምክንያት ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት የሁለት ዘፈኖችን ምት በራሱ ማገጣጠሙ አይደለም።

ቪኤልሲ እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪስ በተማሪዎች የተጀመረ፣ ከ2001 ወዲህ ደግሞ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ትልቁ ጥንካሬው የቀረበለትን ፋይል ሁሉ ይከፍታል ለማለት የሚያስደፍር መሆኑ ነው፤ ከካሴት የተገለበጠ፣ በስልክ የተላከ ወይም ከክሊፕ ላይ የተወሰደ ዘፈን ያለ ጣጣ ይጫወትበታል። ለካፌ፣ ለሱቅ ወይም እንግዳው ምሳ በሚበላበት ሰዓት ዝቅ ተደርጎ ለሚከፈት ሙዚቃ ከዚህ የተሻለ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። ችግሩ የሚጀምረው ሰው ለጭፈራ ሲነሳ ነው። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪገባ ያለው ጸጥታ፣ በተለይም ከካሴት በተገለበጡ ሥራዎች መጨረሻ ላይ የሚቀረው ባዶ የቴፕ ድምፅ፣ እስክስታ ላይ የነበረውን ሰው ወደ ወንበሩ ይመልሰዋል። ከዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ዘፈን ሲመረጥ ደግሞ እየተጫወተ ያለው መሀል ላይ ይቆረጣል። የዘፈኑን ፍጥነት በቁልፍ ሰሌዳው ማስተካከል ቢቻልም አንድ እርምጃው 10 በመቶ ስለሆነ በደቂቃ 120 ምት ያለውን ዘፈን በአንድ ጊዜ ወደ 132 ያደርሰዋል፤ ይህን የሚጨፍር ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ቪኤልሲን በሁለት መስኮት ከፍተው የአንዱን ድምፅ በእጅ ዝቅ፣ የሌላውን ከፍ እያደረጉ የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ ብልሃቱን አደንቃለሁ። በአንድ መዳፊት ሁለቱንም እኩል ማንቀሳቀስ ስለማይቻል ግን ሽግግሩ ሁልጊዜ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይሰማል። እንደ ዊንአምፕና ኤአይኤምፒ ያሉት ማጫወቻዎች ደግሞ የአንዱን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር በራሳቸው የማደባለቅ አማራጭ አላቸው። ነገር ግን የሚያደባልቁት በተሰጣቸው ሰከንድ እንጂ ሰምተው አይደለም፤ ከበሮው ከመግባቱ በፊት ማሲንቆው ብቻውን የሚሄድበትን መግቢያ ከሌላ ዘፈን መዝጊያ ጋር ይደርቡትና ሁለቱንም ያበላሻሉ።

ሚክስ እ.ኤ.አ. በ2001 ከአንድ የዶክትሬት ጥናት ጋር ተያይዞ የተጀመረ ሲሆን ከኢንተርኔት አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሲከፈት ሁለት ማጫወቻ ጎን ለጎን ይቀርባል፤ እያንዳንዱ የራሱ የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ የባስ፣ የመካከለኛና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ አለው። ከዚህ ሁሉ የሚልቀው ግን ትንሿ የሄድፎን ምልክት ናት። እሷ ስትጫን ቀጣዩ ዘፈን በዲጄው ጆሮ ብቻ ይሰማል፤ አዳራሹ የቀደመውን መስማቱን ይቀጥላል።

ይህ በሥራ ላይ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሁኔታ ላሳይ። ሙሽሮቹ መሀል ላይ እየጨፈሩ ሳለ አንድ አባት ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እስቲ ያቺን የአምባሰል ዜማ አሰማን» ይላሉ እንበል። በፍላሹ ላይ ያቺ ዜማ ሊሆኑ የሚችሉ አራት ፋይሎች አሉ፤ ስማቸው «ትራክ» ከሚል ቃልና ከቁጥር በቀር የሚነግረው ነገር የለም። በቪኤልሲ የሚሠራ ልጅ ያለው ምርጫ ገምቶ መክፈትና እንግዳው ፊት እያቋረጠ መፈለግ ነው። በሚክስ ግን አራቱንም በሄድፎን እያዳመጠ ትክክለኛውን ያገኛል፣ በድምፅ ሞገዱ ሥዕል ላይ ከበሮው የሚገባበትን ቦታ አይቶ ምልክት ያኖርበታል፣ የቀደመው ዘፈን አዝማች ሲያልቅም ከዚያው ነጥብ ያስነሳዋል። ለጠያቂው ክብር መስጠትም ጨዋታውን አለማቋረጥም በአንድ ጊዜ ተቻለ ማለት ነው።

ለዚህ አገልግሎት ከሶፍትዌሩ ሌላ አንድ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ነው። ተራ ላፕቶፕ ያለው የድምፅ መውጫ አንድ ብቻ ስለሆነ ለአዳራሹና ለጆሮ የተለያየ ድምፅ መላክ አይችልም። መፍትሔው በዩኤስቢ የሚሰካ ሁለተኛ ሳውንድ ካርድ (የራሱ የድምፅ መውጫ ያለው ትንሽ ዕቃ) መጨመር ወይም የግራውን መስመር ለሞንታርቦው፣ የቀኙን ለሄድፎኑ የሚለይ የዲጄ ኬብል መጠቀም ነው። ለሁለት ሰው ሄድፎን ተብሎ የሚሸጠው ባለ ሁለት ቀዳዳ ማካፈያ መልኩ ቢመሳሰልም በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚያወጣ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ግራና ቀኙን ሞክሩ። ኬብሉ ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ ቢያወርደውም አዳራሽ ውስጥ ሁለቱም ስፒከሮች ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚያወጡ ጉዳቱ እምብዛም አይታወቅም።

ሌላው የማከብርለት ነገር የድምፅ መጠንን ማመጣጠኑ ነው። የድሮ ቅጂ ዝግ ብሎ፣ የዘንድሮ የስቱዲዮ ሥራ ደግሞ ጮሆ የሚቀረጽ በመሆኑ በተራ ማጫወቻ ሁለቱ ሲከታተሉ ወይ ሰው ጆሮውን ይይዛል ወይ ዘፈኑ አይሰማም። በቪኤልሲ ድምፁን ከ100 በመቶ በላይ መግፋት ይቻላል፤ ይህ ግን ድምፁን ይሰነጥቀዋል፣ ለስፒከርም ደግ አይደለም። ሚክስ እያንዳንዱን ዘፈን አስቀድሞ መርምሮ ወደ ተቀራራቢ መጠን ያመጣዋል። ምርመራው ለብዙ ዘፈን ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ከሰርጉ በፊት ባለው ሌሊት ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ ሰክቶ መተው ይበጃል።

ወደ ምት ማገጣጠሚያው ስንመጣ አድናቆቴ ይቀንሳል። ይህ አገልግሎት የተሠራው በኮምፒውተር ለተቀነባበረና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፍጥነቱ ለማይለወጥ ሙዚቃ ነው። በባንድ የተቀረጹት የቀድሞ ዘፈኖቻችን ግን ከበሮ መቺው እንደ ስሜቱ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ የጭክችካው ምት ደግሞ በስድስት የሚቆጠር በመሆኑ ሶፍትዌሩ ሦስቱንና ሁለቱን ያምታታል። ለጆሮ በደቂቃ 100 የሆነውን 150 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሚክስ ይህን ወደ ሁለት ሦስተኛው ዝቅ የሚያደርግ ትእዛዝ አለው፤ ፍጥነቱ አይለወጥም ብሎ እንዳይገምት የሚያደርግም ምርጫ አለው። እንዲያም ሆኖ ለወሎ ዘፈን ማገጣጠሚያውን አጥፍቶ በጆሮ መሥራት ይሻላል። ስለ ቅኝትም እንዲሁ ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የምዕራቡን ሜጀርና ማይነር ብቻ በመሆኑ በዚሁ በአካባቢያችን ስም የሚጠሩትን አምባሰልንና ባቲን ወደ አንዱ ጎትቶ ያስገባቸዋል። «ይህ ከዚህ ጋር ይስማማል» ብሎ የሚያሳየውን ለውጭ ዘፈን እንጂ ለእነዚህ አትመኑት።

ብቻውን ለሚሠራና አልፎ አልፎ ከጠረጴዛው መነሳት ለሚኖርበት ሰው ዘፈኖችን በራሱ የሚያሸጋግረው «አውቶ ዲጄ» የተባለው የሚክስ ክፍል ጠቃሚ ነው። በመጀመሪያና በመጨረሻ ያለውን ጸጥታ ዘልሎ እንዲያሸጋግር ማዘዝ ስለሚቻል ከተራ ማጫወቻ ማደባለቂያ በብዙ ይሻላል። ቨርቹዋል ዲጄ የተባለው ሶፍትዌር ለጀማሪ ዓይን ይበልጥ የሚማርክ ገጽታ አለው፤ ነገር ግን ለገቢ ሥራ ሲውል ፈቃድ መግዛት ይጠይቃል። በፍላሽ የሚዞረውን፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራ ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ በሰው ሰርግ ላይ መክፈት ደግሞ ቫይረስና ድንገተኛ መዘጋት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል በፍጹም አልመክርም።

ገንዘብ ለያዘ ሰው የግዢው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ውጭ ድምፅ የሚከለክል ሄድፎን፣ ቀጥሎ ሳውንድ ካርድ ወይም ኬብሉ፣ በመጨረሻ ኮንትሮለር (ሶፍትዌሩን በመዳፊት ፈንታ በእጅ የሚያዙበት ባለ ቁልፍ መሣሪያ) መሆን አለበት። ሚክስ ብዙ ኮንትሮለሮችን ስለሚቀበል ያገለገለ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉ ስም በሶፍትዌሩ የኮንትሮለሮች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፤ ሳውንድ ካርድ በውስጡ ያለው ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውን ወጪ ያስቀርላችኋል።