እናቴን ጭቃ ላሳይ ገንዘብ ከፈልኩ

እናቴ በሩ ላይ ቆም አለች። ቲኬት የሚሸጠውን ልጅ አየች፣ እጄ ላይ ያለውን ብር አየች፣ ከዚያ አሻግራ ግድግዳውን አየች።

«አንተ ልጅ፣ ጭቃ ለማየት ነው እንዴ ገንዘብ የምትከፍለው?»

ልጁ ሳቁን ዋጠ። እኔ አፈርኩ። እውነቷን ነው እኮ። ቡልጋ ተወልዳ ያደገችው ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። እኔንም የወለደችኝ አዲስ አበባ፣ የቀበሌ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ የወጣ ቀን «ከጭቃ ተገላገልኩ» ብላ ሰፈሩን በእልልታ ያናወጠች ሴት ናት። አሁን ልጇ ከአራተኛ ፎቅ አውርዶ ወደ ጭቃ ይመልሳታል፤ ያውም በክፍያ።

ከፈልኩ። ስንት እንደሆነ አልጽፍም፤ ዋጋ በዚህ አገር ከጽሑፍ ቀድሞ ይለወጣል። ቦታው ዞማ ሙዚየም ነው፣ መካኒሳ። በሳር ቤት በኩል ይመጣል።

እንዴት እንደመጣን ላውራ። እኔ ፊኒሺንግ ፎርማን ነኝ። ልስን፣ ጂፕሰም፣ ቀለም፣ ሴራሚክ። ሙዚየም የምዞር ሰው አይደለሁም። በቀደም መሥሪያ ቤቴ አንድ ሆቴል ውስጥ የሁለት ቀን ስልጠና ላከኝ። ርዕሱ «ኪነ ጥበብ ለማኅበራዊ ፈጠራ» የሚል ነገር ነበር። ባለድርሻ አካላት፣ ቅንጅት፣ አሳታፊነት። ቢጫና ሮዝ ወረቀት ግድግዳ ላይ ስንለጥፍ ዋልን። ሻይ ቡናው ግሩም ነበር። ከሁለቱ ቀን የቀረልኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። አሰልጣኟ ስክሪኑ ላይ አንድ ግድግዳ አሳየችን። ጭቃ ነው። ግን እንደ ጨርቅ የተጠለፈ ጭቃ። እሷ ስለ ቅንጅት ታወራለች፣ እኔ «ይሄን ማን ነው የለሰነው?» እያልኩ ነው። በሳምንቱ እማዬን ይዣት መጣሁ።

ስሙን ስነግራት «ዞማ? እንደ ፀጉር?» አለችኝ። ፀጉር አይደለም። ስሙ ለሠዓሊ ዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው፤ በወጣትነት በካንሰር የተቀጠፈ ሕይወት። የቦታው መሥራቾች ሁለት ናቸው። መስከረም አሰግድ አንትሮፖሎጂስትና የሥዕል ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ናት። ኤልያስ ስሜ ሠዓሊ ነው፤ የቂርቆስ ሰፈር ልጅ፣ ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ዞማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከልን ከፈቱ። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በምትባል መንደርም ሠርተዋል። በየክፍለ ሀገሩ እየዞሩ ሰው በጭቃ፣ በድንጋይና በእንጨት እንዴት ቤት እንደሚሠራ ከአዛውንት ተማሩ። የመካኒሳው ሙዚየም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፣ በኛ 2011 መሆኑ ነው። በዚያው 2019፣ በኛ 2012 ሲገባ፣ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ላይም እጃቸው አለበት።

ግቢው ሲገባ ቁልቁል ነው። መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ እናንተ እንደ እኔ አሮጊት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉላት፣ ክንዷንም ያዙ። በግራ በቀኝ ተክል ነው። ግድግዳ ላይ ሳይቀር ወደ ላይ የበቀለ ተክል አለ። ጓሮ አለ። ላሞች አሉ። ትምህርት ቤት አለ፤ ልጆች ጭቃው መሃል ይማራሉ። ካፌ አለ፣ ሱቅ አለ፣ ጋለሪ አለ። ጋለሪው ውስጥ የሚታየው ስለሚቀያየር እሱን እናንተው ሄዳችሁ እዩት። እኔ ስለ ግድግዳው ነው የማወራው።

በሙያዬ የተነሳ ግድግዳ ሳይ መጀመሪያ አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ቱንቢ ጠብቋል ወይ? ማዕዘኑ ተሳስቷል ወይ? እዚህ ቱንቢዬ ዋጋ አጣ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ለመቆም አልተሠራም። ይጎብጣል፣ ያብጣል፣ ይዞራል። ፊቱ ላይ መስመር አለ፤ መስመሩ ክብ ይሆንና ይጠማዘዛል፣ ሌላ ክብ ውስጥ ይገባል። ከሩቅ ጥልፍ ይመስላል። ቀርባችሁ ስታዩት ጭዱ ይታያል። የሰው ጣት የሄደበትም ይታያል። እኛ ልስን ስንጨርስ ዋናው ሥራችን የእጅ ምልክት ማጥፋት ነው። በስፖንጅ እናሸዋለን፣ በወረቀት እንፈገፍገዋለን፣ ሰው እንዳልነካው እስኪመስል። እዚህ ግን እጁን ትተውታል።

እማዬ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ተጠጋች። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ዘበኛው ከሩቅ አይቶ መጣ።

«እማማ፣ እባክዎ በእጅ አይንኩት።»

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ሦስት እጅ ነው የተመረገው» አለችው።

«ምን አሉ?»

ሰውዬው ቆሞ ቀረ። እኔም ቆሜ ቀረሁ። ሃያ ዓመት ልስን ላይ ቆይቼ፣ እናቴ ስለ ልስን ስታስተምር የሰማሁት ያን ቀን ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ነው፣ ይሰነጠቃል አለች። ይሰነጠቅ፣ መሰንጠቅ አለበት። ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል። ሦስተኛው በደቃቅ ጭድና በእበት ነው የሚለቀለቀው፤ ያ የሴቶች ሥራ ነው። አፈሩም ዝም ብሎ አፈር አይደለም። በውሃ ይራሳል፣ ጭድ ይጨመርበታል፣ ይረገጣል፣ ተሸፍኖ ይቆያል። ተገላብጦ ደግሞ ይረገጣል።

«እስከ መቼ?» አልኳት።

«እስኪሸት ነዋ። ሸተተ ማለት ደረሰ ማለት ነው። እንደ ጠላ ነው፣ ካልፈላ ምን ዋጋ አለው?»

ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ጉብታ በጣቷ ሳትነካ ተከተለችው። (ዘበኛውን አክብራው ነው።) «ይሄ አሠራር የጎታ ነው» አለች። ጎታ ለማታውቁ የከተማ ልጆች፦ እህል የሚቀመጥበት፣ ሴቶች በጭቃና በጭድ ከታች ጀምረው በእጃቸው እያሳደጉ የሚሠሩት ነገር ነው። አፉ ላይ፣ ሆዱ ላይ ጌጥ ይደረግበታል። እናቷ ስትሠራ አብራ ታቦካ ነበር። እኔ ግን ይቺ ሴት ጎታ መሥራት እንደምትችል አላውቅም ነበር። አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ምን ብዬ ልጠይቃት? ትምህርት ቤት «የጭቃ ቤት ልጅ» ሲሉኝ እያለቀስኩ የምመጣው እኔ ነኝ።

አሰልጣኟ በሁለት ቀን ልትነግረን የፈለገችው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ኤልያስና መስከረም የጭቃ ቤትን አልፈጠሩም። ጭቃው ነበረ፣ ደቦው ነበረ፣ እጁም ነበረ። የጠፋው ክብሩ ነው። አንድ ሠዓሊ መጥቶ «ይሄ ሥዕል የሚሠራበት ነገር ነው» ሲል ሁላችንም ቀና ብለን አየን። እኛ መሐንዲሶቹና ፎርማኖቹ ግን ያንኑ እጅ «ሙያ የሌለው የቀን ሠራተኛ» ብለን ነበር ሊስት ላይ የምንጽፈው። እኔ ራሴ ጽፌያለሁ። ዞማን ለማቆም ከሠዓሊው ጋር እጃቸውን ጭቃ ውስጥ የነከሩት ደግሞ እነዚያው ናቸው።

መሬቱም የራሱ ታሪክ አለው። ሲረከቡት የተበከለ መሬት ነበር። ሙዚየም ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ይሄን ሳነብ ሆዴን ቆረጠኝ። አንድ ስሙን የማልጠራው ኮንትራክተር ጋ ስሠራ አንድ ሙሉ መንደር ጭቃ ቤት አፍርሰን ነበር። ማገሩ ለማገዶ ሄደ። ጭቃው በገልባጭ ተጭኖ፣ ከሲሚንቶ ከረጢትና ከቀለም ጣሳ ጋር ተደባልቆ፣ በሌሊት ወንዝ ዳር ተደፋ። ስንት ምልልስ እንደሆነ የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። ያ ጭቃ ብቻውን ቢደፋ አፈር ነው፣ ወደ አፈር ይመለሳል። የኛ ቀለም ግን አይመለስም።

ካፌ ተቀመጥን። እማዬ ጓሮው ጥግ ጤና አዳም አይታ ኖሮ ቡናዋን ያለ ጤና አዳም አልጠጣም አለች። አመጡላት። ደስ አላት። እኔ ስልኬን አውጥቼ የኤልያስን ሥራዎች አሳየኋት። ሰውዬው በዓለም የሚታወቀው በጭቃ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ነው። ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ የተበላሸ ኮምፒውተር፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይገዛል። ሽቦውን እየጎነጎነ፣ እየመታ፣ ጣውላ ላይ ይደረድረዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ በክርና በአዝራር ይሠራ ነበር፤ ሸራ ላይ በመርፌ እየሰፋ። ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሥራው አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀብሏል።

ይሄን ሁሉ ዘረዘርኩላት። እሷ ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ አደረገችው። መነጽሯን ረስታለች።

«አለላ ነው?»

«ሽቦ ነው እማዬ። የኮምፒውተር ሽቦ።»

«ስፌት ነዋ ታዲያ። ቀለሙን እንዴት እንዳስማማው እየው። ወስፌ ይዞ ያደገ ልጅ ነው።»

አልተከራከርኳትም። የሥዕል ሐያሲ አይደለሁም። ግን ስፌት ነው ካለች በኋላ እኔም ሌላ ነገር ሆኖ ሊታየኝ አልቻለም። ሰማያዊው ሽቦ በአረንጓዴው ውስጥ ሲያልፍ የመሶብ ክዳን ነው የሚመስለው። እሷ ስታቅፈኝ ከደረቷ ላይ የማይጠፋው የአክርማ ሽታ ሳይቀር መጣብኝ።

አሁን ወደ ክፉው ነገሬ ልምጣ። ፎርማን ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማድነቅ አልችልም።

«ጭቃ ርካሽ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ጎብኚዎች መሃልም ሰማሁ። አፈሩ ርካሽ ነው፣ እጁ አይደለም። እንዲህ ያለ ግድግዳ አንድ ካሬ ሜትሩ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በልቤ ሳሰላ ነበር። ብሎኬት በአንድ ቀን የሚያቆመውን ይሄ ወር ይጠብቃል። ሳይሸት አይመረግም፣ ሳይደርቅ አይደገምም። ደሞ ጠላቱ ብዙ ነው። እማዬ እንደምትለው ከላይ ጠፈጠፍ፣ ከታች እርጥበት፣ ከውስጥ ምስጥ። የጣሪያው ክፈፍ ሰፋ ማለት አለበት፣ መሠረቱ ከድንጋይ መሆን አለበት፣ በየዓመቱ የሚነካካው ሰው ያስፈልገዋል። አራትና አምስት ፎቅ ለሚፈልግ ከተማ ይሄ መልስ አይደለም። መልስ ነው ብሎ የሚነግራችሁ ካለ ልስን አያውቅም።

ግን ሁሉም ቤት ፎቅ አይደለም። ጤና ኬላ አለ፣ መዋዕለ ሕፃናት አለ፣ የገጠር ትምህርት ቤት አለ። ከተማ ውስጥም ቢሆን አንድ የመናፈሻ አጥር፣ አንድ የካፌ ግድግዳ። እዚያ ላይ ችግሩ ገንዘብ አይደለም፣ የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያውቁት አርጅተዋል፣ ልጆቻቸው ደግሞ እንደኔ ጂፕሰም ተምረዋል። ለዚህ ነው ዞማ ለኔ ከሥዕሉ ይልቅ በያዛቸው እጆች የሚመዘነው። እዚያ ግድግዳ ላይ የሠራ ልጅ ነገ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሠራል። ካልሄደ ግን ይሄ ሁሉ አንድ ቆንጆ ግቢ ሆኖ ይቀራል።

ለማን ይሆናል? ልጅ ላለው ሰው በጣም ጥሩ ነው፤ ላሞቹ ብቻ ይበቃሉ። ለፎቶ የሚሄዱ ሙሽሮችና ወጣቶች አሉ፣ አይረብሹም። የግንባታ ሙያ ላይ ያላችሁ ግን ግዴታችሁ ነው። ሠራተኞቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ፀሐይ በጎን ስትመታ የግድግዳው ጌጥ ጥላ ይጥላል። ያኔ ነው የሚነበበው። እኩለ ቀን ላይ ጠፍጣፋ ይመስላል። ሰዓት አይቁጠሩ፤ እኛ አንድ ሰዓት ብለን ገብተን ሦስት ሰዓት ቆየን። ከዚያ ውስጥ ግማሹን እማዬ ከላም ጠባቂው ጋር ስለ እበት ስታወራ ነው ያለፈው።

ስንወጣ ዘበኛው ተሰናበታት። «እማማ፣ ይመለሱ እሺ» አላት። «እመለሳለሁ፣ ክረምቱ ይውጣ» አለችው፤ ዝናቡ ግድግዳውን ምን እንዳደረገው ማየት ፈልጋ ነው።

ይሄ ከሆነ አሥር ቀኑ ነው። እማዬ በማግስቱ ጭድ አምጣልኝ አለችኝ፤ ከአንድ በግ ነጋዴ በማዳበሪያ ተሸክሜ አመጣሁ። አፈሩን ከየት እንዳመጣችው አልነገረችኝም። በረንዳችን ላይ ትልቁ ባልዲ በፌስታል ተሸፍኖ ተቀምጧል። በየሁለት ቀኑ ትገልጠዋለች፣ ታማስለዋለች፣ ትከድነዋለች። ትንሽዬ ጎታ ልትሠራ ነው፣ ለሽንብራ።

ትናንት ማታ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን በር አንኳኳች። አፍንጫዋን በሻሽዋ ይዛለች።

«እማማ፣ በረንዳዎ ላይ የሞተ ነገር አለ እንዴ?»

እማዬ ወጥታ ባልዲውን ከፈተች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ገና ነው» አለቻት። «ሳምንት ይቀረዋል።»