የኦልድ ትራፎርድ ሙዚየምና የስታዲየም ጉብኝት፦ የማንቸስተር ዩናይትድን ታሪክ በቦታው ላይ ማየት

ቡድኑን ለዓመታት በቴሌቪዥን ሲከታተል የኖረ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ እንግሊዝ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያስበው ኦልድ ትራፎርድን መጎብኘት ነው። ነገር ግን የመግቢያውን ገንዘብ የሚከፍለው ዋንጫዎቹን አይቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለመመለስ ብቻ ከሆነ፣ የጉብኝቱን ዋና ጥቅም ሳያገኝ ይወጣል። ይህን አገልግሎት ከልቤ የምመክረው ክለቡ ሊጠፋ የደረሰባቸውንና ዳግም የቆመባቸውን ጊዜያት፣ ታሪኩ በተፈጸመበት ሥፍራ ላይ ቆሞ ለመረዳት ስለሚያስችል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙዚየሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው በ1986 ሲሆን፣ በ1998 ወደ ሰሜኑ የስታዲየሙ ክፍል ተዛውሮ በፔሌ ተመርቋል። ጉብኝቱ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ራስዎ በፈለጉት ፍጥነት የሚያዩት ሙዚየም፣ ሁለተኛው በአስጎብኚ የሚመራው የስታዲየም ዙር ነው። ሁልጊዜም ሙዚየሙ ይቅደም እላለሁ። መልበሻ ክፍሉንና ሜዳውን ለማየት የሚቸኩል ሰው፣ የሚረግጠው መሬት ምን እንዳሳለፈ ሳያውቅ ያልፈዋል።

የክለቡ መነሻ የባቡር ሠራተኞች ናቸው። በ1878 የላንካሻየርና ዮርክሻየር ምድር ባቡር የፉርጎ ክፍል ሠራተኞች ኒውተን ሂዝ በሚባለው የማንቸስተር ሠፈር አንድ ቡድን አቋቋሙ፤ ማልያቸውም አረንጓዴና ወርቃማ ነበር። መብራት ኃይል፣ መድን፣ ንግድ ባንክ እያለ ያደገ የአገራችን ተመልካች የመሥሪያ ቤት ቡድን ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ይህ ቡድን በ1902 በ2,670 ፓውንድ ዕዳ ምክንያት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። እንደሚነገረው ከሆነ የቡድኑ አምበል የሃሪ ስታፎርድ ውሻ፣ ለክለቡ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ባዛር ላይ የመዋጮ ሣጥን አንገቱ ላይ ታስሮለት ሲዞር ጠፋ፤ ባለ ቢራ ፋብሪካው ጆን ሄንሪ ዴቪስም ከስታፎርድ ጋር የተዋወቁት በዚሁ ውሻ ምክንያት ነው። ዴቪስ ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር ሆነው ዕዳውን ተሸከሙ፣ የክለቡ ስምም በዚያው ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድ ተባለ። ይህ ዘመን በጉብኝቱ ውስጥ ከዚህም የሰፋ ቦታ ቢሰጠው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ከ2005 በኋላ የግሌዘር ቤተሰብን ባለቤትነት የተቃወሙ ደጋፊዎች በ2010 ስታዲየሙን በአረንጓዴና ወርቃማ የአንገት ልብስ የሞሉት፣ ክለቡ የማን እንደነበር ለማስታወስ ነው።

የስታዲየሙን ዙር ከሌሎች ክለቦች ጉብኝት የሚለየው በደቡቡ መቀመጫ መካከል የሚገኘው አሮጌው የተጫዋቾች መውጫ ነው። ስታዲየሙን የነደፈው አርኪባልድ ሊች ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጨዋታ የካቲት ወር 1910 ከሊቨርፑል ጋር ተደርጎ ዩናይትድ 4 ለ 3 ተሸነፈ። በመጋቢት 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ መቀመጫዎቹ ወደሙ፤ ክለቡም እስከ 1949 ድረስ የተቀናቃኙን የማንቸስተር ሲቲን ሜዳ፣ ሜይን ሮድን፣ ተከራይቶ ተጫወተ። ከ1910ሩ ግንባታ እስከ ዛሬ የቆየው ይህ ጠባብ መውጫ ብቻ ነው። ዛሬ ተጫዋቾች የሚወጡት በሌላ ማዕዘን ስለሆነ ብዙ ጎብኚ ዞር ብሎ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። አስጎብኚው ሲያመለክት ቆም ብሎ ማየት ይገባል፤ ዱንካን ኤድዋርድስና ቦቢ ቻርልተን ወደ ሜዳ የገቡት በዚያ ነውና።

ስለ ሙኒክ ሳይነገር የዚህ ክለብ ታሪክ ተነገረ ማለት አይቻልም። ከቤልግሬድ ሲመለስ ነዳጅ ለመቅዳት ሙኒክ ያረፈው የቡድኑ አውሮፕላን የካቲት 6 ቀን 1958 ለሦስተኛ ጊዜ ለመነሣት ሲሞክር፣ መንደርደሪያው ላይ በነበረው ውሃ የቋጠረ በረዶ ምክንያት ፍጥነቱ ቀንሶ ተከሰከሰ። 23 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም 8ቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ኤድዋርድስ 15 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ በ21 ዓመቱ አረፈ። አደጋው በደረሰ በ13ኛው ቀን ዩናይትድ ከሼፊልድ ዌንስደይ ጋር በእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ (ኤፍኤ ካፕ) ሲጋጠም፣ ማን እንደሚሰለፍ ስላልታወቀ በታተመው የጨዋታ ፕሮግራም ላይ የዩናይትድ ተጫዋቾች ስም መስፈሪያ ባዶውን ተተወ። በምክትል አሰልጣኙ በጂሚ መርፊ የተመራው ያ ቡድን 3 ለ 0 አሸነፈ፣ እስከ ፍጻሜም ደረሰ። አደጋው 50ኛ ዓመቱን ሲይዝ በ2008 በደቡቡ መቀመጫ ሥር የተከፈተው የሙኒክ መተላለፊያና በውጭ በኩል ቀኑንና የከተማውን ስም የያዘው ሰዓት በጸጥታ የሚታዩ ሥፍራዎች ናቸው። ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ቢነግራቸው መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ ዋንጫዎቹ ሌላ ትርጉም ይይዛሉ። በ1968 ቤንፊካን 4 ለ 1 አሸንፎ የመጣው የአውሮፓ ዋንጫ ከአደጋው የተረፉት አሰልጣኙ ማት በዝቢ፣ ተጫዋቾቹ ቻርልተንና ቢል ፎልክስ ያነሡት ነው። ክለቡ በ1974 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን መውረዱን፣ ሊጉንም ከ1967 በኋላ እስከ 1993 አለማሸነፉን ያስተዋለ ሰው፣ የአሰልጣኙ የሰር አሌክስ ፈርጉሰን 38 ዋንጫዎች ምን ያህል ድካም እንደጠየቁ ይገባዋል። ባየርን ሙኒክ በባከነ ሰዓት ጭማሪ የተሸነፈበት የ1999ኙ ፍጻሜ የተደረገው በዝቢ በሕይወት ቢኖሩ 90 ዓመት በሚሞላቸው ቀን መሆኑን ማስታወስ ለእኔ ሁልጊዜ ልብ የሚነካ ነው።

መልበሻ ክፍሉ ማልያዎቹ በየመቀመጫው ተሰቅለው ደስ የሚል ነው፤ ለፎቶግራፍ ይሆናል፣ ለታሪክ ግን ብዙ አይጨምርም። ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት፣ የጨዋታ ቀን አለመሆኑንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በጨዋታ ቀን የስታዲየሙ ዙር የለም። ክለቡ በመጋቢት 2025 ከአሁኑ ስታዲየም አጠገብ 100,000 ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም የመገንባት ሐሳቡን ይፋ አድርጓል። ስለዚህ የ1910ሩን መውጫ በዓይኑ ለማየት የሚመኝ ደጋፊ ጉዞውን ብዙ ባያዘገየው እመክራለሁ።