ኮድ የሚጽፉ ኤጀንቶችን ጎን ለጎን ለማሠራት የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

አንድ ኤጀንት፣ ማለትም ታዝዞ ኮድ የሚጽፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ ሥራውን እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሰለቸው ፕሮግራመር ሦስት አራቱን በአንድ ጊዜ ማሰማራት ያምረዋል። ለዚህ የተሠሩት መሣሪያዎች ደግሞ በቁጥር ይፎካከራሉ፤ አንዱ ስምንት ሲል ሌላው ዐሥራ አምስት ይላል። እኔ የምመክረው ቁጥሩን ትቶ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ኤጀንቶቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ የሚለያቸው ምንድን ነው? የጻፉትን ኮድስ የት ሆኜ አነብበዋለሁ?

በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ መሣሪያዎች መሠረታቸው አንድ ነው፤ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው የጊት ወርክትሪ። በ2015 ከጊት 2.5 ጋር የመጣ ትእዛዝ ሲሆን ከአንድ ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክቱ የኮድ ማከማቻ) በርካታ የሥራ ፎልደሮችን ያወጣል። እያንዳንዱ ፎልደር የራሱ ብራንች፣ ማለትም የተለየ የለውጥ መስመር፣ አለው፤ የኮዱን ታሪክ ግን ሁሉም ይጋሩታል። ሁለት ወይም ሦስት ኤጀንት ብቻ ለሚያሠራ ሰው ወርክትሪና ቲመክስ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል በበርካታ መስኮት የሚከፍል ፕሮግራም) ይበቁታል፤ በአንዱ መስኮት የአንትሮፒክ ኤጀንት ክሎድ ኮድ፣ በሌላው የኦፕንኤአይ ኮዴክስ ይሠራል። ወርክትሪም ቲመክስም ነፃ ናቸው። ቲመክሱ በሩቅ ሰርቨር ላይ ከሆነ መስመር ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም፤ ተመልሶ ገብቶ ካለበት መቀጠል ይቻላል። መብራትና ኢንተርኔት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ወርክትሪ የሚለየው ፋይልን ብቻ መሆኑ ነው። ጊት የማይከታተላቸው ፋይሎች፣ ለምሳሌ የይለፍ ቃል የተቀመጠበት የኤንቭ ፋይል፣ ወደ አዲሱ ፎልደር አይሄዱም። ሁለት ኤጀንቶች ፕሮግራሙን በአንድ የኔትወርክ በር፣ ለምሳሌ በፖርት 3000 ላይ ለማስነሣት ቢሞክሩ አንዱ ይወድቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዳታቤዙ ነው። በጃንጎ፣ ማለትም በፓይተኑ የድረ ገጽ ማዕቀፍ፣ የተሠራ አንድ ፕሮጀክት እንውሰድ፤ የመጨረሻው ማይግሬሽን (የዳታቤዙን ቅርጽ የሚለውጥ ፋይል) 0011 ነው እንበል። አንዱ ኤጀንት በደንበኛው መዝገብ ላይ የስልክ ቁጥር እንዲጨምር፣ ሌላው በትእዛዙ መዝገብ ላይ የክፍያ ሁኔታ እንዲጨምር ታዘዙ። ሁለቱም የየራሳቸውን 0012 ይጽፋሉ። የፋይሎቹ ስም ስለሚለያይ ጊት በሰላም ያዋህዳቸዋል፤ ጃንጎ ግን ከ0011 ሁለት መንገድ ሲወጣ አይቶ አልቀጥልም ይላል። ይህ በአንድ የማዋሃጃ ማይግሬሽን ይፈታል። ሁለቱ ኤጀንቶች አንድ ዳታቤዝ ከተጋሩ ግን የመጀመሪያው ያስገባው ባዶ የማይሆን ዓምድ የሁለተኛውን ፕሮግራም ያሰናክላል። ሁለተኛው ኤጀንት ስለዚያ ዓምድ የሚያውቀው የለም፤ ስለዚህ ስሕተቱን በራሱ ኮድ ውስጥ እየፈለገ ደኅና የነበረውን ማበላሸት ይጀምራል። ከማስታወቂያው ቁጥር ይልቅ ይህን ማየት የሚበጀው ለዚህ ነው።

ክሎድ ስኳድ ከላይ የጠቀስኳቸውን ወርክትሪንና ቲመክስን አቀናጅቶ ከተርሚናል ሳይወጡ ኤጀንቶቹን በዝርዝር የሚያሳይ የኦፕን ሶርስ መሣሪያ ነው። ከተርሚናል ጋር ለተላመደ ሰው ከእርሱ የሚፈጥን አላየሁም። ኮንዳክተር ለማክ የተሠራ ሲሆን እንዲሁ በወርክትሪ ይሠራል፤ አዲስ ፎልደር በተከፈተ ቁጥር የሚሮጥ የማዘጋጃ ስክሪፕት ስለሚቀበል የኤንቭ ፋይሉን ጣጣ ያቃልላል። የተለወጠውን ኮድ ለማንበብም በጣም ይመቻል፤ ማክ ያለውና ብዙ ኮድ የሚገመግም ሰው ከስኳድ ይልቅ ይህን ቢወስድ አይቆጭም። ዳታቤዙን ግን ሁለቱም በራሳቸው አይለዩም። ለዚያ የዳገር ኩባንያ ኮንቴይነር ዩዝ የተሻለ ነው፤ እያንዳንዱን ኤጀንት በራሱ ኮንቴይነር (ከሌላው በተነጠለ መሥሪያ አካባቢ) እና በራሱ ብራንች ያሠራዋል። ማዋቀሩ ያደክማል፤ ነገር ግን ሥራው በዳታቤዝ ላይ ለሚያተኩር ቡድን ድካሙ ይካሳል።

ከርሰር የተባለው የኮድ መጻፊያ በጥቅምት 2025 መጨረሻ ባወጣው ሁለተኛ ትውልዱ ለአንድ ትእዛዝ እስከ ስምንት ኤጀንቶችን ያሰማራል። አንድን ከባድ ስሕተት በተለያየ መንገድ ለመፈተሽ ጥሩ ነው። ለዕለት ሥራ ግን ስምንት መልስ ማለት ስምንት ንባብ ነው፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይባዛል።

ጁልስ፣ የኮዴክስ የሰርቨር አገልግሎትና የጊትሀብ ኮፓይለት ኤጀንት ሥራውን ከነአካቴው ከኮምፒውተራችን ያወጡታል። ላፕቶፑ ቢዘጋም ሥራው ይቀጥላል፤ ውጤቱም ለግምገማ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የጉግሉ ጁልስ በነሐሴ 2025 ከሙከራ ሲወጣ ነፃው ዕቅድ በቀን 15 ሥራ፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ 3 ይፈቅድ ነበር፤ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም። ኮዴክስ ኤጀንቱ በሚሠራበት ጊዜ ተጠቃሚው ካልፈቀደ በቀር ኢንተርኔትን ይዘጋል፤ የደንበኛ መረጃ ለሚያስጨንቀው ቡድን ይህ መልካም ነው። ፕሮጀክቱ ቢሮ ውስጥ ካለ ዳታቤዝ ጋር ካልተገናኘ በቀር የማይነሣ ከሆነ ግን ተጨማሪ ማዋቀር ካልተደረገ ሦስቱም አይመቹም፤ ኤጀንቱ የጻፈውን ሳይሞክር ያስረክባል።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የኦፕን ሶርስ መሣሪያው ነፃ ሲሆን ኤጀንቱ ግን ነፃ አይደለም፤ አራት ክሎድ ኮድ በአንድ የደንበኝነት ክፍያ ሲሠሩ የተፈቀደው መጠን በፍጥነት ያልቃል። ክፍያው በዶላር፣ በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሚፈጸም ከኢትዮጵያ ሆኖ የሚገዛ ሰው ከዓመታዊው ይልቅ በወርሃዊው ቢጀምር ይሻለዋል።

ካርዱን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ፈተና ይስጡት። ከራስዎ ፕሮጀክት አንዱን ሰንጠረዥ የሚነኩ ሁለት ትንንሽ ሥራዎችን ይምረጡና ለሁለት ኤጀንቶች በአንድ ጊዜ ያዝዙ። ሁለቱም ፕሮግራሙን አስነሥተው መሞከር ከቻሉ፣ እርስዎም የጻፉትን ሁሉ አንብበው ማዋሃድ ከቻሉ፣ ሦስተኛ ኤጀንት ይጨምሩ።