የከቨር አልበማችንን ለቀረጸችልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለሌሎች ባንዶችም ጥቆማ

የፓወር ፖፕ ባንዳችን የከቨር አልበም፣ ማለትም የሌሎችን ዘፈኖች በራሳችን አጨዋወት የሠራንበት አልበም፣ ቀረጻው በሰላም ተጠናቋል። መለማመጃ ቦታ ያዋሳችሁን፣ ዕቃ ያመላለሳችሁልን፣ በዘፈን ምርጫ ስንጨቃጨቅ የገላገላችሁን ሁሉ እግዜር ይስጥልን። ዋናው ምስጋና ግን የሳውንድ ኢንጂነራችን ነው። ዘርዘር አድርጌ የምጽፈውም የእኛን ዓይነት ሥራ ያሰበ ባንድ እንዲያገኛት ነው።

የሰው ዘፈን መጫወት ቀላል ይመስላል። ዜማው አለ፣ ግጥሙ አለ፣ ሕዝብ አስቀድሞ ወዶታል። ጣጣውም የሚመጣው ከዚያው ነው፤ ሰሚው ዋናውን በጆሮው ይዞ ይጠብቃችኋል። ቁርጥ ዋናውን ከመሰለ «ታዲያ ዋናውን አልሰማም?» ይላል፣ ከነካካችሁት ደግሞ «አበላሹት»። ዘ ሁው የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሼንድ እ.ኤ.አ. በ1967 «ፓወር ፖፕ» ብሎ በጠራው በዚህ ስልት ደግሞ ይብሳል። ዘፈኑ አጭር ነው፣ አዝማቹ ቶሎ ይመጣል፣ ጊታሩና የተቀባዮቹ ድምፅ ፊት ለፊት ናቸው። ጉድለት መሸሸጊያ የለውም።

ማይክ ከመተከሉ በፊት ዝርዝራችንን ተቀብላ በእያንዳንዱ ዘፈን ላይ «ይሄንን ለምን?» አለችን። «ስለምንወደው» ስንላት «መውደድማ ቤታችሁ ተቀምጣችሁም ትችላላችሁ» ብላ ዝም። በዚህ ጥያቄ የተሰረዙ ዘፈኖች አሉ። አንዱ የእኔ ምርጫ ስለነበር እስካሁን ትንሽ ይቆጨኛል።

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባን ምሳሌ ስትሰጠን ነው። ዘ በርድስ የተባለው ባንድ በ1965 የቦብ ዲላንን «ሚስተር ታምበሪን ማን» ሲጫወቱ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከሆነው ዘፈን አንድ አንቀጽና አዝማቹን ብቻ ወሰዱ፣ ምቱን ቀየሩ፣ መግቢያውን ለባለ12 ክር ጊታር ሰጡት፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ አለቀ። በተቃራኒው ዘ ባንግልስ የተባለው የሴቶች ባንድ የቢግ ስታር ባንድን የ1974 ዘፈን «ሴፕቴምበር ገርልስን» በ1986 ሲያወጡት ዜማውን ብዙም አልነኩም። የዘፈነችው ግን የቤዝ ተጫዋቿ ማይክል ስቲል ነበረች፤ ያው ግጥም በሴት ድምፅ ሲወጣ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስላል። ይህን ካስረዳችን በኋላ ዞር ብላ የእኛን ቤዝ ተጫዋች «አንተስ ዘፍነህ ታውቃለህ?» አለችው። በአልበሙ ላይ እኔ በጣም የምወደው ዘፈን ከዚያች ጥያቄ የመጣ ነው።

ስለ ጊታሩ ካላወራሁ ይህን ጽሁፍ ባልጀመርኩት ይሻላል። ያ የዘ በርድስ ታዋቂ የሚያንቃጭል ድምፅ ሪከንባከር የሚባለው ባለ12 ክር ጊታር ነው፤ የእኛ ጊታር ሪከንባከር አይደለም። የባለ12 ክር ጊታር ክሮች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ በአብዛኞቹ ወደ ታች ሲመታ ከጥንዱ ቀድሞ የሚነካው ቀጭኑ ክር ነው፣ በሪከንባከር ግን ወፍራሙ ይቀድማል። እሷ ይህን ስለምታውቅ ሌላ ጊታር ተከራዩ አላለችንም። ጊታሪስታችንን የመግቢያውን ኖታዎች አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ እየመታ እንዲጫወት አደረገችው፣ ወፍራሙ ክር ቀደመ። ከዚያ ኮምፕረሰሩን (ጮክ ያለውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገውን መሣሪያ) ጠበቅ አድርጋ የምቱን ጫፍ ስትጫነው የኖታው ጭራ ረዘመ። ጊታሪስታችን ሄድፎኑን አውልቆ ጊታሩን አገላብጦ ሲያየው ሁላችንም ሳቅን።

ለድምፃዊውም እንዲሁ። በ1966 በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ኬን ታውንሴንድ የተባለ ባለሙያ አንዱን ድምፅ በቴፕ የሚያነባብር ዘዴ የፈጠረው የቢትልሱ ጆን ሌነን አንዱን ነገር ሁለቴ መዝፈን ስለሰለቸው ነው። ዛሬ በኮምፒውተር ቁልፍ በመንካት ይሠራል፤ እሷ ግን ድምፃዊው በእውነት ሁለቴ ካልዘፈነው አይሆንላትም። በሁለተኛው ቅጂ የስንኝ መጨረሻ ላይ ያሉትን «ስ» እና «ት» ዋጥ እንዲያደርጋቸው ነገረችው፣ ሁለቱ እየተቀዳደሙ እንዳይንጣጡ። ሥራው አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። አዝማቹ ላይ ግን ድምፁ ሰፋ አለ።

ያልጠበቅነው ደግሞ የፈቃዱን ነገር ማንሳቷ ነው። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 115 መሠረት አንድ ዘፈን በባለቤቱ ፈቃድ አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላው ሰው ሥርዓቱን አሟልቶ፣ የተወሰነውን ክፍያ እየከፈለ የራሱን ቅጂ መቅረጽ ይችላል። መሠረታዊ ዜማውንና ጠባዩን መቀየር ግን አይችልም፣ ግጥሙን ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስም በዚህ አይሸፈንም። ከቪዲዮ ጋር ማውጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈቃድ ይፈልጋል። ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ «እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ» ብላ ነው የላከችን። ሥራው የእሷ አልነበረም፤ ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም ነበር።

እንከን የላትም አልልም። ፈጣን አይደለችም፣ አርፍዶ የሚመጣን ሰው ትቆጣለች፣ የከበሮ ድምፅ ስታስተካክል ቡና ጠጥታችሁ ብትመለሱም አትጨርስም። ማስተሪንግም፣ ማለትም ከመውጣቱ በፊት የሚደረገውን የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ፣ አትሠራም፤ ለሳምንታት የሰማሁትን ሌላ ጆሮ ይስማው ትላለች። የችኮላ ሥራ ያለው ሰው ሌላ ይፈልግ። ጊታርና ድምፅ እኩል እንዲደመጥለት የሚፈልግ ባንድ ግን ሳያመነታ ይሂድ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለነገረችኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከበሮ መቺያችሁ በክሊክ (በሄድፎን በሚሰማ ምት ጠባቂ ድምፅ) መጫወት መቻል አለመቻሉን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ የቀረጻውን ቅደም ተከተል የምታወጣው ያንን ይዛ ነው።