አይሊን ግሬይ የነደፈችው የአልጋ ዳር ጠረጴዛ

እናቴ ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ አልጋ ላይ ስለምትመገብ፣ ኢ 1027 የተባለውን ክብ የመስታወት ጠረጴዛ ገዛሁላት። በክሮም የተለበጠው የብረት እግሩ አልጋው ሥር ይገባል፤ መስታወቱም ከላይ ዘልቆ ፊት ለፊቷ ይመጣል። ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ በሰንሰለት የታሰረችውን ማያዣ ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ላይ መሰካት ብቻ ነው። ማያዣዋ እንዳትጠፋ ሰንሰለት ማሰር የቤት ውስጥ ኑሮን ከልቡ ያስተዋለ ሰው ሐሳብ ነው።

ያ ሰው የአየርላንድ ተወላጇ አይሊን ግሬይ ናት። ጠረጴዛውን የነደፈችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ራሷ ነድፋ ላሠራችው ቤት ነው። እህቷ ቁርሷን አልጋ ላይ መብላት ትወድ ነበር ይባላል። ቤቱ ግን ለብዙ ዘመን የወንዶች ሥራ ተደርጎ ሲነገር ኖረ። ይባስ ብሎ እውቁ አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ሳያስፈቅዳት ግድግዳዎቹ ላይ ሥዕል ሣለ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። እኔ የገዛሁበት ሱቅም ቢሆን የዋጋውን ወረቀት በትልቁ ሲለጥፍ ስሟን አንድም ቦታ አላነሳም።

ለሾርባ ሳህን፣ ለሻይና ለመድኃኒት በቂ ቦታ አለው፤ ለምግብ ትሪ ግን ይጠባል። መስታወቱ የጣት አሻራ ስለሚይዝ በየቀኑ መወልወል ይፈልጋል። እናቴ ለመነሳት ጠርዙን እንዳትደገፍ ነግሬያታለሁ፤ ለዚያ አልተሠራምና። ርካሽ ቅጂዎች በየቦታው ስላሉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ማያዣዋ ጠበቅ ብላ መግባቷን በእጃችሁ ፈትሹ።