የወንጀል ትንተና ጀማሪ ሥልጠና፦ የትኛው ያዋጣል?

ለአዲስ የወንጀል ተንታኝ ሥልጠና የሚገዛ የፖሊስ ኃላፊ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሰርተፍኬቱ ነው። እኔ ብሆን የምጠይቀው ሠልጣኙ ምን ዓይነት ዳታ ላይ እንደሚለማመድ ነው።

ባለቤቱ ጠዋት 2 ሰዓት ወጥቶ ማታ 12 ሰዓት ሲመለስ ቤቱ ተሰብሮ አገኘው እንበል። ሌባው መቼ ገባ? ማንም አያውቅም። ጀማሪ ተንታኝ መዝገቡ ላይ ያለውን የመነሻ ሰዓት ብቻ ከቆጠረ፣ ሌቦች ሁሉ ጠዋት 2 ሰዓት ሥራ የሚገቡ ይመስላል። ፓትሮሉም በዚያው ሰዓት ይወጣል። ደህና ኮርስ ወንጀሉን በመሃል ባሉት 10 ሰዓታት ላይ አከፋፍሎ ማስላት ያስተምራል፤ አኦሪስቲክ ትንተና የሚባለው ይኸው ነው። የወንጀል ካርታውም የራሱ ጉድ አለው። ቦታቸው በትክክል ያልታወቀ ወንጀሎች በጣቢያው አድራሻ ከተመዘገቡ፣ ካርታው ላይ ወንጀል የበዛበት ተብሎ ደም መስሎ የሚቀላው ራሱ ፖሊስ ጣቢያው ይሆናል። የጸዳ ዳታ ላይ ብቻ የተለማመደ ሰው ይህን አይጠረጥርም።

ወደ አማራጮቹ እንምጣ። በአካል የሚሰጠው ሥልጠና ብዙ ጊዜ በአንድ ሳምንት ያልቃል። አስተማሪው ስክሪናችሁን ያያል፣ ከሌላ ተቋም ከመጡ ተንታኞች ጋርም ትተዋወቃላችሁ። ትውውቁ በኋላ ከኮርሱ በላይ ሊጠቅም ይችላል። ችግሩ ትምህርቱ መታጨቁ ነው፤ ለጉዞና ለአልጋ የሚወጣውም ገንዘብ ቀላል አይደለም።

የተቀዳ ቪዲዮ ርካሽ ነው። ለኤክሴል ይበቃል። ከዚያ በላይ ግን አልመክረውም፤ ፒቮት ቴብሉን (የኤክሴልን ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) አበላሽታችሁም ቢሆን ቁጥር ይወጣል፣ ስህተት ነው የሚላችሁ ሰው የለም።

አንድ ወይም ሁለት ሰው ለማሠልጠን ከሆነ እኔ የምመርጠው ለሳምንታት የሚዘልቀውን የቀጥታ ኦንላይን ኮርስ ነው። በሁለት ክፍለ ጊዜ መሃል የራሳችሁን መዝገብ ከፍታችሁ ትሞክራላችሁ፣ የከበዳችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ግን አለቃው በትምህርት ሰዓት «እስቲ ይቺን ሪፖርት ቶሎ» እያለ የሚደውል ከሆነ ገንዘቡ ውሃ በላው። አምስትና ከዚያ በላይ ሠልጣኝ ካላችሁ አሠልጣኙን ቢሮ ድረስ አስመጡት። የሺፍት አዛዦችም ቢያንስ ግማሽ ቀን ይቀመጡ፤ ትንተናውን አንብበው ሰው የሚያሰማሩት እነሱ ናቸው። የተበዳዮች ስም ያለበት ዳታ ስለሚከፈት ግን የምስጢር ስምምነት ቀድሞ ይፈረም።

የሶፍትዌር ሻጮች የሚሰጡት ሥልጠናም አለ። የቱን ቁልፍ እንደምትጫኑ ያሳያል፣ ለምን እንደሆነ ግን እምብዛም። ለጀማሪ ኤክሴልና በነፃ የሚገኘው የካርታ ሶፍትዌር ኪውጂአይኤስ ይበቁታል። የሚከፈልበት የካርታ ሶፍትዌር የአርክጂአይኤስ ፈቃድ ተቋሙ ቀድሞ ካለው እሰየው፣ ለመጀመሪያ ኮርስ ብሎ መግዛት ግን አያስፈልግም።

የትምህርት ዝርዝሩን ስታዩ ሳራ (SARA) የሚባለውን ባለ አራት ደረጃ የችግር አፈታት ዘዴ ፈልጉ፦ ችግሩን መለየት፣ መተንተን፣ እርምጃ መውሰድ፣ ውጤቱን መመዘን። ወንጀል ጥቂት ቦታዎች ላይ እንደሚከማች የሚያስረዳ ክፍልም ይኑረው። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመው የሚኒያፖሊስ ጥናት ለፖሊስ ከተደወሉት ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ ከ3 በመቶ አድራሻዎች እንደመጡ አሳይቷል። ይህ የገባው ሠልጣኝ ከተማውን በሙሉ በአንድ ቀለም አይቀባም።

ሰርተፍኬቱስ? የጀማሪ ኮርስ ወረቀት መከታተላችሁን ብቻ ነው የሚመሰክረው። በ1990 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የወንጀል ተንታኞች ማኅበር የሚሰጠው ዋናው የሙያ ማረጋገጫ የሥራ ልምድና ፈተና ይጠይቃል፤ ስለዚህ «በአምስት ቀን የተረጋገጠ ተንታኝ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

ከመክፈላችሁ በፊት ያለፉ ሠልጣኞች የሠሩትን የመጨረሻ ሥራ፣ ስም ተሸፍኖ፣ አሳዩን በሉ። የት፣ መቼ፣ በምን መንገድ እንደተፈጸመና ምን ይደረግ የሚል ባለ አንድ ገጽ መግለጫ ካወጡላችሁ ተመዝገቡ። ግራፍ የታጨቀበት ረጅም ስላይድ ከሆነ ሌላ ቦታ ጠይቁ።