የእናቴን ጉልበት አይቶ መወጣጫ የሠራላት አናጺ

ይህን የምጽፈው አንድ አናጺን ለማመስገን ነው። እግዚአብሔር ይስጠው ከማለት በላይ ምን እንደምለው አላውቅም። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ኩሽናችን ውስጥ፣ ከታችኛው ካቢኔት ሥር፣ ማንም የማያየው መወጣጫ ሠርቶልናል። በእግር ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት ይወጣል። ይዘረጋል፤ ይቆሙበታል። ሲጨርሱ ታጥፎ ተመልሶ ይገባል። ቤታችን የመጣ እንግዳ ካቢኔት እንጂ ሌላ ነገር አያይም። ኩሽና የምታሠሩ፣ ካቢኔት የምታስጠግኑ፣ በተለይ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ እናት ወይም አያት ያላችሁ ሰዎች ይህን ባለሙያ ጥሩት። ለምን እንደምላችሁ ልንገራችሁ።

እናቴ አጭር ናት። 70 ዓመት አልፏታል፤ ግራ ጉልበቷንም ያማታል። የኮንዶሚኒየም ኩሽና ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሰው በቅጡ አያስተላልፍም። ስለዚህ ዕቃ ሁሉ ወደ ላይ ይሰቀላል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ኮረሪማው፣ የዓመት በዓሉ ድስት፣ ለእንግዳ የሚወጣው ሰሃን። የታችኛው ካቢኔት ብዙ ጊዜ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ከዚያ በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ተትቶ ነው የላይኛው የሚጀምረው። የእሱ የመጨረሻ መደርደሪያ ለእናቴ ሰማይ ነው። እዚያ ለመድረስ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትወጣ ነበር።

አባቴ በሕይወት እያለ ይህ ችግር አልነበረም። ረጅም ሰው ነበር። የላይኛው መደርደሪያ የእሱ ሥራ ነው። እናቴ "እስቲ ያንን አውርድልኝ" ትለዋለች። እሱም ጋዜጣውን አስቀምጦ ይነሳል። እሱ ካረፈ በኋላ ግን እናቴ ማንንም "አውርዱልኝ" ማለት ተወች። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ እያለሁ እንኳ ወንበር ስትጎትት ነው የምሰማው። ሮጬ ስደርስ ወጥታ ቆማለች። "እማዬ፣ ለምን አትጠሪኝም?" ስላት "ለዚህ ለዚህ ምን ያስጠራኛል" ትላለች። እኔ ግን ገብቶኛል። ያንን ቃል የምትለው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ወንበሩ ተንሸራተተ። እጇን ዘርግታ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ሐኪሙ ሰው ሲወድቅ እጁን ስለሚያስቀድም እንዲህ ያለ ስብራት ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥም ነገረን። ሴት ልጅ ካረጠች በኋላ አጥንቷ እየሳሳ ይሄዳል አለን። "ቀጣዩ ዳሌዋ ላይ እንዳይሆን ተጠንቀቁ" ሲለን እንቅልፍ አጣሁ። ወንበሩን ደበቅን። ዕቃውን ወደ ታች አወረድን። እጇ ከጀሶ በወጣ ማግስት ሁሉንም መልሳ ሰቀለችው። ኩሽናው የእሷ ነው፤ ምን ይደረጋል?

ካቢኔት ውስጥ የሚደበቅ መወጣጫ እንዳለ የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ባለሙያ ፍለጋ የጀመርነው ያኔ ነው። ምን ያህል እንደተንገላታን ብጽፍ አያልቅም። የመጀመሪያው ሰውዬ ቀብድ ተቀበለ። ከዚያ ዕቃ ተወደደ አለ፤ ከዚያ መብራት ጠፋ አለ፤ ከዚያ ስልኩ አልነሳ አለ። ሌላው ቤት ድረስ መጥቶ ካቢኔቱን እንኳ ሳይከፍት "ማዘር አሁን ምን ያወጣቸዋል? ሠራተኛ ቅጠሩላቸው" አለን። እናቴ እዚያው ቆማ ትሰማለች። ቡና ልታፈላለት ከሰል አቀጣጥላ ነበር። ገንዘቡን የበላው ሰውዬ እንዲህ አላናደደኝም።

ሦስተኛው ሠራው። ሲያስረክበን ያምር ነበር። ግን ከቺፑድ ነው የሠራው። እናቴ ወለሏን በውሃ ካላጠበች ቤት የጸዳ አይመስላትም። ቺፑድ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ክረምቱ ሳይወጣ አብጦ ተቀረቀረ፤ ስቦ የሚያወጣው ጠፋ። እንደምንም ሲወጣም ይወዛወዛል። ደውለን ስንነግረው "ውሃ ለምን አስነካችሁት?" አለን። ኩሽና ውስጥ! ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆርጠን ተውነው።

ይህንን አናጺ የጠቆመችን ፎቃችን ላይ ያለች ጎረቤት ናት። ድሮ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ይሠራ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እሱም ተነሳ። አሁን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወርዱ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለች ጠባብ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። የድሮ ደንበኞቹ ብዙዎቹ የት እንደገባ አያውቁም። አንዱ የምጽፍበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ሲመጣ በር ላይ ጫማውን አወለቀ። ሜትሩን ከኪሱ ያወጣል ብዬ ስጠብቅ እናቴን ቀና ብሎ አያት። "እማማ፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያስቀድሙት የትኛውን እግርዎን ነው?" አላት። እናቴ ደነገጠች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት የለም። አሰበችና "ቀኙን ነው ልጄ፤ ግራው አይታዘዘኝም" አለችው። ከቦርሳው የጣውላ ቁርጥራጮች አወጣ። ወለሉ ላይ አንዱን አስቀምጦ "እስቲ ይርገጡት" አላት። ረገጠችው። ሌላ ደረበበት። "አሁንስ?" አላት። እንደገና ደረበ። እጁን ዘርግቶ ይዟታል። እናቴ "እዚህ ላይ ጉልበቴ እምቢ አለ" ስትለው አንዱን አነሳና የቀረውን ለካ። 18 ሳንቲ ሜትር ሆነ። "እንግዲህ የእማማ ደረጃ ይህ ነው" ብሎ ጻፈው። ከዚያ በኋላ ነው ካቢኔቱን የለካው።

እኔ ዞር ብዬ ዕንባዬን ጠረግኩ። ከዚያ በፊት የመጡት ሁሉ የለኩት እንጨት ነው። አንዳቸውም ማን እንደሚቆምበት አልጠየቁም።

አሠራሩን በደንብ ላስረዳችሁ አልችልም። ያሳየኝን ያህል ግን ልንገራችሁ። ካቢኔቱ ወለሉ ላይ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ አለ፤ ፊቱን የሚሸፍነው ዞኮሎ የሚሉት ጠባብ ጣውላ ነው። ዞኮሎውን ቆርጦ የመወጣጫው ፊት አደረገው። መወጣጫው ከኋላው ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ሲወጣና ሲዘረጋ ሁለት ደረጃ ይሆናል። በደንብ ሲቆም ቀጭ የሚል ድምፅ አለው። "እማማ፣ ይህን ድምፅ ሳይሰሙ እንዳይወጡ" ብሎ ደጋግሞ አስጠናት። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጎ ስላስገባው የእናቴ የወለል እጥበት አይደርስበትም። እግሮቹ ሥር ጎማ አለ። መርገጫው ላይም የሚይዝ ነገር ለጥፎበታል፤ በካልሲ እንኳ አያንሸራትትም። ስለ ማጠፊያውና ስለ ሬሉ ብዙ አስረዳኝ፤ እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት።

አንድ ያላዘዝነውን ነገርም ጨመረ። ካቢኔቱ ጎን ላይ፣ በቀኝ እጇ በኩል፣ የእንጨት መያዣ ገጠመላት። "የሚይዙት ከሌለ መወጣጫ ብቻውን አይበቃም" አለ። ሒሳብ ስንተሳሰብ የመያዣውን አልጠየቀም። ልንጨምርለት ብንል እምቢ አለ። ቀብዱንም ቢሆን የወሰደው ለዕቃ መግዣ የሚሆነውን ብቻ ነበር፤ ደረሰኙን አምጥቶ አሳይቶናል። እባካችሁ፣ አሁን እንዲህ የሚያደርግ ማን አለ?

ሥራውን ሊጨርስ ሲል መብራት ጠፋ። ነገ እመለሳለሁ ቢለን ማንም አይቀየመውም ነበር። እሱ ግን የእጅ መጋዙን አውጥቶ መስኮቱ አጠገብ ሆኖ ቀጠለ። እናቴ ቡና አፈላችለት። ሦስተኛውን ሳይጠጣ አልለቀቀችውም። ስለ አባቴ ስትነግረው ሰማኋት። እኔ ፊት እንኳ ብዙ የማታነሳውን ነገር ነው የነገረችው። እሱም መጋዙን አስቀምጦ ይሰማታል።

ሳንጠራው ደግሞ ተመልሶ መጣ። "በዚህ ሳልፍ እማማን ልይ ብዬ ነው" አለ። ብሎኖቹን አጠበቀ፤ አንድ ጊዜ አስወጥቶ አያት፤ ሄደ። ገንዘብ አልጠየቀም።

አሁን እናቴ በርበሬዋን ራሷ ታወርዳለች፤ ድስቷን ራሷ ትሰቅላለች። መያዣዋን ይዛ፣ ቀኝ እግሯን አስቀድማ። የፕላስቲኩን ወንበር ለጥበቃው ሰጠነው። እኔም ሥራ ቦታ ሆኜ ስልክ በጮኸ ቁጥር መደንገጥ ትቻለሁ። ጎረቤቶች እየመጡ "እስቲ አሳዩን" ይላሉ። እናቴ በእግሯ ገፋ ታደርገውና ፊታቸውን ታያለች። ደስታዋን ብታዩ!

ስለዚህ እባካችሁ ይህን ልጅ አሠሩት። እንዲህ ያለ መወጣጫ ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ኩሽና፣ ቁም ሣጥን፣ በር፣ ሁሉንም ይሠራል። ጎረቤታችን ካቢኔቷን አሠርታ ልክ እንደኛው አመስግናለች። ለሽማግሌና ለአሮጊት ቤት የሚያሠራ ካለ ደግሞ ሌላ ሰው ጋ ከመሄዱ በፊት እሱን ያናግር። ቤት መጥቶ ለመለካት አያስከፍልም። ተራ ስለሚይዝ ግን ለበዓል የምትፈልጉ ቀደም በሉ። ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳላወጣው ስለጠየቀኝ ነው ያልጻፍኩት፤ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስትደውሉለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይሁን። ከዚያ በኋላ ማሽን ላይ ስለሚሆን ስልኩን አይሰማም።